እርካብ የሌለው አውቶቡስ



ባለፉት እትሞች በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓትና ስለ ማስተማር ልምምድ ብዙ ተብሏል። የተባለውም ደግ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ከተማ አውቶቡስ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ። «የምን አውቶቡስ? እኛ ከመኝታ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል በእግራችን አይደለም እንዴ የምንሄደው!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከአዲስ አበባ ፌርማታ ይጀምርና መጨረሻው ከእኛው ከዕጩ መምህራን ደጃፍ ነው።

እኔ የአዲስ ቅዳም ልጅ ነኝ። የአጎቴ የበኩር ልጅ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እያልኩ ነው የምጠራው። አያ በሕፃንነቱ በፖሊዮ ምክንያት ሁለት እግሮቹ ስለሰለሉ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር፣ ማለትም በተለምዶ ዊልቸር በምንለው ነው። ሥራው ልብስ ስፌት ሲሆን የልብስ መኪናውም በእግር የሚረገጥ ሳይሆን በእጅ የሚዞር ነው። በአንድ እጁ መዘውሩን ያዞራል፣ በሌላው ጨርቁን ይመራል። በገበያ ቀን ከሱቁ በር ላይ ሰው አይጠፋም።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ አያ አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ወር በሚሰጥ የሞባይል ጥገና ሥልጠና ላይ ለመካፈል ዕድል አገኘ። ሙያው ለእሱ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ተቀምጠው የሚሠሩት፣ ዓይንና ጣት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለዓመታት ያጠራቀማትን 9 ሺህ ብር ይዞ ሄደ። ነገር ግን ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የተወራውን ልነግራችሁ። «ከተማ አልተስማማውም» ያለ አለ። «ትምህርቱ ከበደው» ያለም አለ። «ምን ያድርግ፣ አካሉ አልፈቀደለትም» እያሉ ከንፈር የመጠጡም ብዙ ናቸው።

ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት አብሮት ስለነበረ የሆነውን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ የምመሰክረው ይህን ነው፤ አያን ከሥልጠና ያስቀረው ትምህርቱም፣ ከተማውም፣ አካሉም አይደለም። ያስቀረው ሦስት ደረጃ ነው። አዎ፣ የአውቶቡስ ሦስት ደረጃ!

ያረፍነው አስኮ ዘመድ ቤት ነበር። ሥልጠናው የሚሰጠው ፒያሳ አካባቢ ነው። እግር ላለው ሰው ይህ መንገድ በአንድ አውቶቡስ የሚያልቅ ነው፤ የሚከፈለውም በዚያን ጊዜ ከ10 ብር አያልፍም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት እንዳይረሳኝ አድርጌ ይዤዋለሁ። ትምህርቱ የሚጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ገና 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታው ደረስን። ሰልፉ ተጠማዞ ሄዷል። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ፤ ሞልቷል። ሁለተኛው መጣ፤ ሾፌሩ ዊልቸሩን አየና በእጁ «ቦታ የለም» የሚል ምልክት ሰጥቶ አለፈ። ሦስተኛው ቆመልን።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ሕዝብ ማመስገን ይገባኛል። ሳንጠይቅ አራት ጎረምሶች ዘለው ወረዱ። አንዱ ብብቱ ሥር ገባ፣ አንዱ ጉልበቱን ያዘ፣ ሌላው ወንበሩን አጥፎ በሰው ራስ ላይ አሳለፈው። «አይዞህ! ያዝ! ቀስ!» ይባላል። ነገር ግን በዚያ ግፊያ መካከል የአያ ሸሚዝ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሱሪው ወደ ታች ወረደ። አንዲት እናት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። እኔ በዚያን ሰዓት ስለመሳፈራችን ብቻ ነበር የማስበው፤ «ተመስገን፣ ወጣን» አልኩ። አያ ግን ምንም አልተናገረም። ሱሪውን ብቻ አስተካከለ።

ወጣን ስንል ደግሞ ሌላ ጣጣ። ዊልቸሩ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ በሩ አጠገብ ተጣጥፎ ቆመ። የሚወጣም የሚወርድም ይሰናከልበታል፣ ይቆጣል። መውረጃችን ሲደርስ ሰው ከበሩ እስኪገለል፣ ወንበሩ ተላልፎ እስኪወርድ፣ የሚሸከም ሰው እስኪገኝ ድረስ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ተነሣ። ሁለት ፌርማታ አልፈን ወረድን። ከክፍል የገባነው 4 ሰዓት ላይ ነው። አስተማሪው በትሕትና «ነገ በጊዜ ና» አለው። ምን ይመልሳል?

በሚኒባስም ሞከርን። ረዳቱ ወንበሩን አየና «የሁለት ሰው ትከፍላለህ፣ ቦታ ይይዛል» አለ። ከፈልን። በማግሥቱ ሌላው «የሦስት» አለ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ አልቆመም። ያለው አማራጭ ኮንትራት ታክሲ ነበር፤ ደርሶ መልስ 400 ብር። እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። በወር 22 የትምህርት ቀን ቢኖር 400 ሲባዛ በ22፣ 8 ሺህ 800 ብር ይሆናል። አያ ለሦስት ወር ምግብና መጓጓዣ የያዘው 9 ሺህ ብር ነው! እንግዲህ በአንዳንድ ቀን አውቶቡስ እየለመነ፣ በአንዳንድ ቀን እየቀረ፣ በአንዳንድ ቀን ኮንትራት እየያዘ አምስት ሳምንት መቆየቱ በራሱ ጀግንነት ነው።

አሁን ግለ ሂስ ላድርግ። እሱ ሲመለስ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «አያ፣ ለምን ትንሽ አልታገሥክም? ሰው እኮ ይረዳህ ነበር» ብዬዋለሁ። የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ሰው ደግ ነው፤ በደግነቱ ቅሬታ የለኝም። ግን በቀን ሁለት ጊዜ ደግ ሰው ካልለመኑበት የማያደርስ መንገድ መንገድ ይባላል? አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ማንን ትለምናለህ?»

ዝም አልኩ። ቀጠለና ስለ አባቱ ፈረስ አነሣብኝ። ልጅ ሳለ አጎቴ ፈረሱን እየሳበ ከግቢው የድንጋይ ካብ ጥግ ያስጠጋለትና አያን ከካቡ ላይ ሆኖ ወደ ኮርቻው ያሸጋግረው ነበር። «ፈረስ ላይ ከወጣሁ በኋላ እግሬን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? እንዲያውም ከእኩዮቼ እቀድም ነበር» አለኝ።

እኛ የአዊ ልጆች ፈረስ እናውቃለን። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰበሰበውን የአገው ፈረሰኛ ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ጎበዝ ፈረሰኛ መካከል በእርካብ የማይወጣ ስንቱ ነው? እርካብ ሲረግጥ ያየነውን ሰው «ምስኪን፣ በራሱ ዘሎ መውጣት አይችልም» ብለን ከንፈር መጥጠንለት እናውቃለን? አናውቅም። ፈረሱ ከፍ ያለ ስለሆነ እርካብ ተሠራለት፤ በቃ። ለፈረስ እርካብ የሠራን ሰዎች ለአውቶቡስ እርካብ ሲቀር ግን ጥፋቱን በአውቶቡሱ ላይ ሳይሆን በሰውየው እግር ላይ እናደርጋለን። ፍርዳችን የተዛባው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ የአውቶቡስ እርካብ ምን ዓይነት ነው? እንደ ዕጩ መምህርነታችን ነገሩን በቁጥር እንየው።

ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ በስፋት የታወቀ ልክ አለው፤ ለ1 ክንድ ከፍታ 12 ክንድ ርዝመት ይሰጠዋል። ከዚያ ከቆመ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የሚያሽከረክረውም ክንዱ ይዝላል። አሁን በጭነት መኪና ዓይነት ሻንሲ ላይ የተሠራ አውቶቡስን እንውሰድ። ሻንሲው፣ ጎማውና አክስሉ ከሥር ስላሉ ወለሉ ከፍ ይላል፤ 90 ሣንቲ ሜትር ነው እንበል። 90 ሲባዛ በ12 ማለት 10 ሜትር ከ80 ነው። መወጣጫው የአውቶቡሱን ያህል ሊረዝም ነው! ስለዚህ «መወጣጫ እንግጠምለት» ብሎ ነገር አይሠራም። ሰው ተሸክሞ ማውጣት የመጣው ከዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ አንበሳ፣ ኋላም ሸገር እያለ የሚጠራቸው አውቶቡሶች ስንቱን ሠራተኛና ተማሪ ያመላለሱ ባለውለታዎች ናቸው፤ አንበሳ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን አገልግሏል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት አብዛኞቹ በደረጃ የሚወጡ ነበሩ።

መፍትሔው ወለሉን ዝቅ ማድረግ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አክስሉ ዝቅ ብሎ ይሠራል፣ በሩ ደረጃ የለውም። እንዲህ ዓይነቱ አውቶቡስ ወለሉ ከመሬት 34 ሣንቲ ሜትር ያህል ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ መተኛ ስላለው ፌርማታ ላይ እንደ ግመል በአንድ ጎኑ በርከክ ሲል ወደ 25 ሣንቲ ሜትር ይወርዳል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ 15 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የሚቀረው ልዩነት 10 ሣንቲ ሜትር ብቻ ነው። 10 ሲባዛ በ12፣ 1 ሜትር ከ20። ይህ ደግሞ ከበሩ ሥር ተጣጥፎ የሚቀመጥ አንድ ሳንቃ ነው! ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ይዘረጋዋል፣ ተሳፋሪው ራሱ እያሽከረከረ ይገባል፣ ሳንቃው ይታጠፋል። ውስጥ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 በ75 ሣንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ይበቃዋል፤ ይህም ሁለት ወንበር አንሥቶ የሚገኝ ቦታ ነው። ሥራው በሙሉ ከደቂቃ ብዙ አያልፍም። አራት ጎረምሳ አያስፈልግም። ሱሪ አይወርድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሒሳቡ የተሳካው የእግረኛው መንገድ ስላለና አውቶቡሱ ተጠግቶ ስለቆመ ነው። የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ የቀረ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ ሸቀጥ ከተዘረጋበት፣ ወይም ሾፌሩ ከመንገዱ መሐል ላይ ካቆመ ምርጡ አውቶቡስም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጉዳዩ የአውቶቡስ ብቻ ሳይሆን ከቤት ደጅ እስከ ቢሮ ደጅ ያለው ሰንሰለት ጉዳይ ነው፤ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። የባቡሩ በርና የጣቢያው መድረክ ስለሚስተካከሉ ያለ ደረጃ ይገባበታል፤ በአገራችንም ይቻላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደተሠራ ጣቢያ ለመድረስ ሊፍት ያስፈልጋል፤ ሊፍት ደግሞ መብራትና ጥገና ይፈልጋል። ሊፍት በቆመ ዕለት ጣቢያ ተራራ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም አጎቴ የተጠቀመበት መንገድ ነው። ፈረሱን ማሳጠር ካልተቻለ ካቡን ማስረዘም! በብራዚል አገር የኩሪቲባ ከተማ እንዲህ አድርጋለች። አውቶቡሱን ሳይሆን ፌርማታውን ከፍ አድርጋ፣ ተሳፋሪው አስቀድሞ ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ወጥቶ እንዲጠብቅ አደረገች። ሩቅ ነው እንዳትሉኝ፣ በአህጉራችን በታንዛኒያ የዳሬ ሰላም ከተማ በ2008 ዓ.ም. የጀመረችው ፈጣን አውቶቡስ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ነው። ዳሬ ሰላም ያደረገችው ለአዲስ አበባም ሆነ ነገ ለሚያድጉት ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ የሚሆን ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በመኝታ ክፍላችን አንሥቼው ስንከራከር አምሽተናል። ሦስት ክርክር ቀረበብኝ።

አንደኛው፣ «ድሃ አገር ነን፤ ሰው ሁሉ መጓጓዣ ባጣበት ሰዓት ስለ ጥቂቶች ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ጠዋት ላይ ሰልፍ የሚሰለፈው ባለ ሁለት እግርም እየተቸገረ ነው። ነገር ግን አውቶቡስ ለማንኛውም ይገዛል። የሚገዛውም በጨረታ ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ «ወለሉ ዝቅ ያለ፣ መወጣጫ ያለው» የምትል አንዲት መስመር ከመጀመሪያው ከገባች ነገሩ ከፋብሪካው ተሠርቶ ይመጣል። ከተገዛ በኋላ ግን 90 ሣንቲ ሜትሩን ማን ያሳጥረዋል? አውቶቡስ አንዴ ከተገዛ ብዙ ዓመት ይሠራል። ዛሬ የተረሳች አንዲት መስመር ብዙ ዓመት ሰው ስታስቀር ትኖራለች። ድሃ አገር ሁለት ጊዜ መግዛት ስለማይችል ነው አንዴውኑ አስተካክሎ መግዛት ያለበት።

ሁለተኛው፣ «እነሱ ስንት ናቸው? አውቶቡስ ላይ እኮ አይተናቸው አናውቅም» የሚል ነው። ይህን የተናገረ ጓደኛዬ ይቅር ይበለኝና፣ መልሱ በጥያቄው ውስጥ ነው። አውቶቡስ ላይ ያላየናቸው መውጣት ስላልቻሉ ነው! በር ዘግቶ «እንግዳ አይመጣም» እንደማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022) ባወጣው ዘገባ በዓለም 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከ6 ሰው አንዱ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑን ገልጿል። ሁሉም ዊልቸር ተጠቃሚ አይደለም። ነገር ግን ዝቅ ያለ ወለል የሚጠቅመው ዊልቸር ተጠቃሚን ብቻ ነውን? ነፍሰ ጡሯን፣ ልጅ ያዘለችውን፣ ምርኩዝ የያዙትን አዛውንት፣ ከመርካቶ ጆንያ ይዛ የምትመለሰውን፣ ትናንት ወለምታ ደርሶበት የሚያነክሰውን ማን ይረሳል? ነግ በኔ ነው። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ደረጃ የሚከብደን ቀን ይመጣል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ያስጨነቀኝ ነው። «እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳችን እንረዳዳለን፤ ሰው ካለ መሣሪያ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እኔም አራቱን ጎረምሶች አይቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶች። ግን አያ ሎሚ አይደለም። ሎሚ ሲሸከሙት አያፍርም። ሎሚ ትምህርት አይረፍድበትም። ሎሚን ጎረምሶቹ የሌሉ ዕለት ማን ያነሣዋል? ከቶ ሴት ብትሆንስ፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የማታውቃቸው ወንዶች ብብቷና ጭኗን ይዘው እንዲያነሷት እህታችሁን ትፈቅዱላታላችሁ? መረዳዳት ትልቅ ሀብታችን ነው። ይህን ሀብት ግን አንድ ሳንቃ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ላይ ማባከን የለብንም።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 9 መጓጓዣን በስም ይጠቅሳል፤ አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው እኩል ሊገለገልበት እንደሚገባ ይናገራል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። እንግዲህ ወረቀቱ ደርሷል፤ ያልደረሰው አውቶቡሱ ነው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ በችሮታ የመጣ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1978) በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ 19 አካል ጉዳተኞች ከመንገድ መገናኛ ላይ ሁለት አውቶቡሶችን ከፊትና ከኋላ ከበው ሌሊቱን እዚያው አደሩ። የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም፤ እንደ ሰው ሁሉ ከፍለው መሳፈር ነበር። አገሪቱ በመላ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብር ሕግ ያወጣችው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ በ1982 ዓ.ም. ነው። በለንደንም ለትውስታ ከተተዉት ጥቂት አሮጌዎች በቀር የከተማው አውቶቡሶች በሙሉ ወለላቸው ዝቅ ያለ የሆኑት በ1998 ዓ.ም. ነው። ባለጠጎቹም የደረሱበት ትናንት ነው ማለት ነው። እኛ ከእነሱ ስሕተት ተምረን በአጭሩ መድረስ እንችላለን።

አሁን ቃል በገባሁት መሠረት ከአዲስ አበባ ወደ ደጃችን ልመለስ።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት፣ የ3ኛ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ ከአንድ ልጅ ስም ፊት «ቀሪ» የሚል ምልክት በየሳምንቱ ሁለት ሦስቴ ይታይ ነበር። ጠየቅሁ። ልጁ እግሩ አይሠራም። ታላቅ እህቱ አዝላው ትመጣለች። እሷ ገበያ የወጣች ወይም የታመመች ዕለት እሱ ይቀራል። ክረምት ሲገባማ ጭቃውን የምታውቁት ነው። ዊልቸር ለምን አይፈለግለትም ብዬ ስጠይቅ አንድ ነባር መምህር በጣታቸው የክፍሉን በር አሳዩኝ። «ቢገኝስ በየት ይገባል?» አሉ። አየሁት። ሦስት ደረጃ! ያው የአዲስ አበባው ሦስት ደረጃ!

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያን ከሥልጠና ያስቀረውና ይህን ልጅ ከክፍል የሚያስቀረው አንድ ነገር ነው። እኛም ሳናስብ ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብለን የምንመዘግበው ልጁን ነው። መቅረት ያለበትስ ደረጃው አልነበረም?

የአውቶቡሱን ጨረታ እኛ አናወጣም። የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ግን እኛ ነን የምንረከበው። በመጪው ዓመት ብዙዎቻችን በፋግታ ለኮማ፣ በዳንግላ፣ በባንጃ፣ በጓንጓና በሌሎች ወረዳዎች ቀበሌዎች እንመደባለን። ስለዚህ ሐሳቤን እንዲህ ባጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በተመደብንበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሜትር ይዘን የክፍሎቹን ደረጃ እንለካ። ሦስት ደረጃ 45 ሣንቲ ሜትር ቢሆን በ12 ስናባዛ 5 ሜትር ከ40 ይመጣል። ይህ ከወረዳ በጀት ሳይጠበቅ በድንጋይ፣ በጠጠርና በጥቂት ሲሚንቶ፣ በወላጆችና በመምህራን ጉልበት በቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ልኬቱንና ስሌቱን ደግሞ ለተማሪዎች የሒሳብ ትምህርት እናድርገው፤ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ መርጃ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ እዚሁ ተቋማችን ውስጥ በዚህ ወር የቤተ መጻሕፍቱን፣ የምግብ ቤቱንና የመጸዳጃ ቤቱን መግቢያ የሚለካ አንድ ቡድን ይቋቋም። እኔ ራሴ ከቀኑ በኋላ ባለው ሰዓት ለማገልገል ዝግጁ ነኝ። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ደጅ እንመልከት።

ሦስተኛ፣ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ዊልቸር የያዘ መንገደኛ ፌርማታ ላይ ቢያገኝ፣ እንደ እኔ ዘሎ ብብት ሥር አይግባ። መጀመሪያ ይጠይቅ፤ «ልርዳህ? እንዴት ልያዝህ?» ይበል። «አልፈልግም» ቢባልም አይቀየም። ሾፌሩን ግን ጮክ ብሎ «ጠብቅ! ጠርዙ ጋ ተጠጋ!» ይበለው። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም። የሁለት ሰው ሒሳብ የሚጠይቅ ረዳት ሲያጋጥመንም ዝም ብለን በመስኮት አንመልከት።

አራተኛ፣ ከመካከላችን ነገ የወረዳ ባለሙያ፣ የምክር ቤት ተመራጭ፣ የግዥ ኮሚቴ አባል የሚሆን አይጠፋም። ያን ቀን ያችን አንዲት መስመር አይርሳት።

አያ ዛሬም አዲስ ቅዳም ነው። በእጅ የሚዞረው የልብስ መኪናው እየሠራ ነው። ባለፈው ለእረፍት ስሄድ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ «አያ፣ ያ ሥልጠና እንደገና ቢገኝ ትሄዳለህ?» አልኩት። መዘውሩን ማዞር አቆመና ትንሽ አሰበ።

«ሥልጠናውን አይደለም እኮ ጠይቀኝ የምልህ» አለኝ። «ከአስኮ ፒያሳ የሚሄደው አውቶቡስ ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠይቀህ ና። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ጓደኛ ካለ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይሞግተኝ። የሚስማማ ግን ጽሑፍ አያስፈልገውም፤ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሜትር ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ይምጣ።

አንድ ዕጩ መምህር
ከሁለተኛ ዓመት